ኢታምር የቈጠረው፦ የፕሮጀክት ሪፖርትና አማኝ መሪነት በኮንስትራክሽን ሥራ

በአብያተ ክርስቲያናችን ውስጥ ያሉት የሥራ ተቋራጮች፣ መሐንዲሶችና የፋብሪካ ባለቤቶች ጥቂት አይደሉም። እነዚህን ወገኖች ስለ መንፈሳዊ መሪነት ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ስለ አስራት፣ በሥራ ቦታ ስለሚደረግ ጸሎትና ለሠራተኛ ስለ መመስከር ነው። መልካም ነው። እምነታቸው በየወሩ የሚፈተንበትን ወረቀት ግን ብዙዎቻችን አይተነው አናውቅም፤ ይኸውም የፕሮጀክት አፈጻጸም ሪፖርት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተቋራጩ በወሩ መጨረሻ የሠራውን ይለካል፤ ስንት ሜትር ኪዩብ አርማታ እንደተሞላ፣ ስንት ኪሎ ፌሮ እንደታሰረ፣ ስንት ካሬ ሜትር ግንብ እንደተገነባ ይመዘግባል። አማካሪ መሐንዲሱ ልኬቱን ያረጋግጣል፤ የክፍያ ሰርተፍኬት ይዘጋጃል፤ አሠሪው ይከፍላል። በሪፖርቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱ በአካል የተሠራውን፣ ሌላው የተከፈለውን ገንዘብ በመቶኛ ያሳያል። ሁለቱ በጣም ሲራራቁ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ለምሳሌ በጨረታው ላይ የቁፋሮና የመሠረት ሥራ ነጠላ ዋጋ ተጋኖ፣ የማጠናቀቂያው ዝቅ ብሎ ከገባ ተቋራጩ ገንዘቡን ቀድሞ ይሰበስባል፤ በርና ቀለም ላይ ሲደርስ ግን ኪሱ ባዶ ይሆናል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በግቢው የተከመረን ፌሮ እንደ ታሰረ፣ ያልተሞላን ወለል እንደ ተሞላ አድርጎ መጻፍ ነው። የሚጻፈው ቁጥር ብቻ ስለሆነ እንደ ውሸት አይሰማም። ደግሞም በሚቀጥለው ወር እውነት ይሆናል ተብሎ ይታሰባል።

ወደ አገልግሎት ከመግባቴ በፊት በአንድ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ የቢሮ መሐንዲስ ነበርሁ። የሰኞ ስብሰባችን በጸሎት ይከፈት ነበር፤ ጸሎቱም የማስመሰል እንዳልነበረ አምናለሁ። በአንድ ወር ልኬቱን ሠርቼ 61 በመቶ አገኘሁ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አይቶ በትሕትና፣ «ወንድሜ፣ በሚቀጥለው ወር እንደርስበታለን፤ 70 አድርገው» አለኝ። አደረግሁት፤ ፈረምሁም። ገንዘቡ ተለቀቀና ለሌላ ሳይት ዕዳ ዋለ። በሚቀጥለው ወር የሠራነው አስቀድሞ የተከፈለበትን ሥራ ስለነበር የምንጠይቀው ክፍያ አልነበረም። የቀን ሠራተኞቹ ደመወዝ ዘገየ። ከእነርሱ አንዲት አሸዋ የምታመላልስ እናት በየማለዳው ቢሮዬ በር ላይ ቆማ፣ ምንም ሳትናገር ታየኝ ነበር። ያዕ. 5፥4ን ስሰብክ እስከ ዛሬ ፊቷ ይመጣብኛል።

የአማኝ ኢንዱስትሪ መሪ ምሳሌ ሲፈለግ ደጋግሞ የሚጠራው አሜሪካዊው አር. ጂ. ለቱርኖ ነው (1888–1969)። የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ሆኖ ጀምሮ በኋላ ግዙፍ የአፈር መቁረጫና ማጓጓዣ ማሽኖችን ሠራ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተባበሩት ኃይሎች ከተጠቀሙባቸው የአፈር ሥራ ማሽኖች አብዛኞቹ ከእርሱ ፋብሪካዎች እንደ ወጡ ይነገራል። በ1946 በቴክሳስ ሎንግቪው የመሠረተው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ዛሬ በስሙ የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ ነው። በፋብሪካዎቹ የአምልኮ ስብሰባ ይደረግ ነበር። «ናው» የተባለች ትንሽ ጋዜጣውም ወንጌሉን በነጻ ታሰራጭ ነበር።

ሰባኪዎች የሚያውቁት ዘጠና በመቶውን ሰጥቶ በአሥሩ መኖሩን ነው። እኔ ግን ከዚህ ይልቅ የሚያስተምረኝ በኔቫዳ ወደ ሁቨር ግድብ አካባቢ የሚወስደውን መንገድ ሲሠራ የገጠመው ኪሳራ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የተዋዋለው ይህ ሥራ በከባድ ዕዳ ውስጥ ከተተው። በ1960 በታተመው ግለ ታሪኩ ኪሳራውን ሳይሸፍን ይተርካል፤ ቀደም ሲል ለሚስዮን የሚሰጠውን ገንዘብ ለንግዱ ብሎ አዘግይቶ እንደ ነበርም ይናዘዛል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ታሪኩን «ያልሰጠ ይከስራል» ወደሚል ትምህርት ብንቀይረው ለብልጽግና ወንጌል ሰባኪዎች ጥሩ መሣሪያ እናቀብላለን። ድንጋይ ለሚሰጥም ለማይሰጥም ያው ድንጋይ ነው። ከለቱርኖ የምወስደው የከሰረበትን ከሰርሁ ብሎ መጻፉን ነው።

በ1950ዎቹ ደግሞ ልማትንና ወንጌልን ያጣመሩ ሁለት ትልልቅ ፕሮጀክቶችን በላይቤሪያና በፔሩ ጀመረ። በፔሩ መንግሥት ለሚሠራው መንገድ ሰፊ የደን መሬት ሰጠው፤ ቱርናቪስታ የተባለችው መንደርም ከዚያ ተነሣች። ሁለቱም ግን እንደታሰቡት አላደጉም። እንዲህ ያለው ሥራ ላይ ሪፖርት ጸሐፊው ልዩ ፈተና አለበት። ተራ ሕንፃ ዘግይቷል ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ለእግዚአብሔር ተለይቷል የተባለው ዘግይቷል ብሎ መጻፍ ግን እምነት ማጣት ይመስላል። ስለዚህ ቁጥሩ ይለሰልሳል።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ጉዳይ ላይ የምንሰብከው ብዙ ክፍል አለው፤ እኛ ግን እንዘለዋለን። ነህምያን የራእይ ሰው አድርገን እንወደዋለን። የጻፈውን ልብ ብለን ስናነብ ግን ቅጥሩ እኩሌታ ላይ መድረሱን (4፥6)፣ የተሸካሚዎቹ ኃይል መድከሙንና ፍርስራሹ መብዛቱን (4፥10)፣ የቴቁሐ ታላላቆች ትከሻቸውን አለማስገባታቸውን (3፥5)፣ የድሆቹን ጩኸት (ምዕ. 5) ሁሉ መዝግቧል። በ52 ቀን ተፈጸመ የሚለውን (6፥15) የምናምነው እኩሌታ በነበረ ጊዜ እኩሌታ ነው ስላለን ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ዘጸ. 38፥21–31 ነው። የመገናኛው ድንኳን ዕቃ ሲያልቅ ወርቁ፣ ብሩና ናሱ በመክሊትና በሰቅል ተቈጥሯል። የብሩን ስሌት እንመልከት። የተቈጠሩት 603,550 ወንዶች እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰቅል ሲሰጡ 301,775 ሰቅል ይሆናል። አንድ መክሊት 3,000 ሰቅል ስለሆነ ድምሩ 100 መክሊትና 1,775 ሰቅል ነው። መቶው መክሊት ለመቶ እግሮች ዋለ፣ ለእያንዳንዱ አንድ፤ 1,775ቱ ደግሞ ለኵላቦቹና ለምሰሶዎቹ ጉልላት መለበጫ። የገባውና የወጣው በአንድ ሰቅል እንኳ አይለያይም። ሌላም ነገር አለ። የሠሩት ባስልኤልና ኤልያብ ናቸው፤ ቈጠራው የተመራው ግን በሌላ ሰው፣ በካህኑ በአሮን ልጅ በኢታምር ነው። በመንፈስ የተሞላ መሆኑ የተመሰከረለት ባስልኤል እንኳ የራሱን ሥራ ራሱ አልመዘነም።

ስድስት ምዕራፍ ወደ ኋላ ስንሄድ የኢታምርን አባት እናገኛለን። በዚያም ሕዝቡ ወርቅ ሰጥቶ ነበር። አሮን ሒሳብ ሲጠየቅ ወርቁን እሳት ውስጥ ጣልሁት፣ ጥጃውም ወጣ አለ (32፥24)፤ በእጁ መቅረጹ ግን 32፥4 ላይ ተጽፏል። ማን ሠራው፣ በስንት ወርቅ፣ በማን ትእዛዝ የሚሉት ጥያቄዎች መልስ የላቸውም። ልጁ የያዘው መዝገብ ለዚህ መልስ ይመስለኛል፤ ይህ የእኔ ንባብ ቢሆንም።

እንግዲህ የሥራ ተቋራጭ ወንድማችንን ስንጎበኝ ከጸሎቱ በኋላ ቀላል ጥያቄዎች መጠየቅ እንችላለን። ልኬቱን የሚሠራው ማን ነው? መጥፎ ቁጥር ያመጣ ሠራተኛ ምን ይደርስበታል? የቀን ሠራተኞች ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈሉት መቼ ነው? ይህን ለመጠየቅ ግን የራሳችን የሕንፃ ኮሚቴ መጀመሪያ መመለስ አለበት። ጳውሎስ የተሰበሰበውን ስጦታ ሲያደርስ ከሌሎች ወንድሞች ጋር የሄደው በሰው ፊትም ነቀፋ እንዳይኖር ነበር (2 ቆሮ. 8፥20–21)። የቤተ ክርስቲያናችን ገንዘብ ያዥ የኮሚቴው ሰብሳቢ ዘመድ ከሆነ ወይም ሥራውን የሚያረጋግጠው የሚሠራው ተቋራጭ ራሱ ከሆነ ኢታምር የለም ማለት ነው።

የሚከብደው ግን ወጣቷ የቢሮ መሐንዲስ ወደ መጋቢዋ ስትመጣ ነው፤ 61 ያለችውን 70 አድርጊ ተብላለች። የምመክራት የለካችውን እንድትጽፍ፣ ሌላ ቁጥር ከተፈለገ የሚፈልገው ራሱ እንዲፈርምበት በትሕትና እንድትጠይቅ ነው። ምናልባት ከሥራ ትወጣለች፤ እኔ የፈረምሁት ይህን ፈርቼ ነበር። ስለዚህ ይህን ምክር ከመስጠታችን በፊት ሌላ ሥራ እስክታገኝ የቤት ኪራይዋን ማን እንደሚከፍል የሽማግሌዎች ጉባኤ ተነጋግሮ ይወስን።