የቅቤው ጭርጭርታ ምን ነግሮን ኖሯል!

ስሙኝማ! ሐዋሳ ላይ የፀጉርና የቆዳ ቅባት ሠርተን እንሽጥ ስትሉ የከረማችሁ ሁሉ፣ አሁን የገባኝን ሳልነግራችሁ አላድርም። ከየት እንጀምር ለሚለው ጥያቄያችሁ መልሱ ቅቤ ማንጠሪያው ድስት ውስጥ ነው።

ለፀጉር የምንቀባው ለጋ ቅቤ ሲቆይ ይከረፋል። የተነጠረው ግን ወራት ይቆያል። ቅቤው ያው፣ ላሟም ያቺው! ታዲያ ምን ለያቸው? ለጋ ቅቤ ንጹሕ ስብ ይመስለናል እንጂ ከመቶ 16 ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ውሃ ነው፤ የአሬራ ትራፊም አለበት። የሚያበላሹት ተሕዋስያን የሚባዙት እዚያ እርጥበት ውስጥ ነው። ድስቱ ሲጣድ ጭርጭር የሚለውስ ምን መሰላችሁ? ውሃው እንፋሎት ሆኖ ሲወጣ ነዋ! ዝም ሲል ውሃው አልቋል። ወይ ጉድ! ስንት ዘመን ሰምተነው አልሰማነውም።

እንጀራና ድርቆሽን አስቡ። እርጥቡ በጥቂት ቀን ይሻግታል፣ ድርቆሹ ይከርማል። ቅባትም እንዲሁ ነው። ውሃ የሌለበት ብዙ ጣጣ የለውም፤ ውሃ የገባበት ክሬም ግን ፕሪዘርቫቲቭ የሚባለውን ማቆያና የላቦራቶሪ ምርመራ ይፈልጋል። ስለዚህ ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው ውሃ በሌለው ይጀምር!

አሁን ወደ አቮካዷችን። ሲዳማ ውስጥ ሞልቶ ስለተረፈ ፈጭተን ቅባቱ ውስጥ እንጨምረው ማለታችሁ አይቀርም። ተዉ! የአቮካዶ ሥጋ ከመቶ 70 በላይ ውሃ ነው፤ ዘይቱ 15 ገደማ ቢሆን ነው። ፋብሪካዎች ሥጋውን ፈጭተው፣ ለብ አድርገው ካሹት በኋላ በሚሽከረከር ማሽን ውሃውን ከዘይቱ ይለያሉ። ከ10 ኪሎ ሥጋ ቢበዛ አንድ ተኩል ኪሎ ዘይት! ለምን እንደሚወደድ ገባችሁ? ደግነቱ ከሐዋሳ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳችሁ ይርጋለም ስትደርሱ፣ በአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የአቮካዶ ዘይት ይመረታል።

ዘይቱን የሚያረጋው ሰምስ? እዚህ ላይ ነው የሳቅሁት። ጠጅ ሲጠመቅ የሚቀረው ሰፈፍ ውስጥ የንብ ሰም አለ! ፍል ውሃ ውስጥ ታቀልጡትና በጨርቅ ታጣሩታላችሁ። ሲበርድ ሰሙ ላይ ተንሳፍፎ ይረጋል። ታዲያ ሲወጣ በደንብ ይድረቅ፤ ያባረርነውን ውሃ በጓሮ በር መልሰን እንዳናስገባ።

ከዚያ በሚዛን አራት እጅ ዘይት፣ አንድ እጅ ሰም። እሳት ላይ በቀጥታ አትጣዱት፤ ሳህኑን የሚፈላ ውሃ ያለበት ድስት ላይ አስቀምጡት። ሰም በ62 ዲግሪ ገደማ መቅለጥ ይጀምራል። ጠብታውን ቀዝቃዛ ማንኪያ ላይ አድርጋችሁ ሲረጋ ሞክሩት፦ ከላላ ሰም፣ ከደረቀ ዘይት ጨምሩ። በሐዋሳ ፀሐይ ሰሙ ትንሽ ቢበዛ ይሻላል። ብልቃጡ ደግሞ ፍጹም ደረቅ ይሁን።

የእሬትና የተልባ ዝልግልጋችሁን አልናቅሁም፤ ለፀጉር ደስ ይላል። ግን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ለራሳችሁ ሠርታችሁ ፍሪጅ አስቀምጡትና በጥቂት ቀን ጨርሱት። ለሽያጭ ሌላ ጊዜ። ደረቁ ቅባትም ቢሆን አየርና ብርሃን ጠረኑን ስለሚለውጡት ጠቆር ያለ ዕቃ ፈልጉለት።

አንድ የማትወዱት ነገር ልጨምር፦ መዋቢያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር ስለሚተዳደር ከመሸጣችሁ በፊት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ሄዳችሁ ጠይቁ። «ማድያት ያጠፋል» ብሎ መጻፍ ቅባቱን መድኃኒት ነው ማለት ስለሆነ እሱን ተዉት። በምትኩ የገባበትን ሁሉ፣ የተሠራበትን ቀንና ክብደቱን ጻፉ፤ ከሥሩም በትልቁ «በእርጥብ እጅ አይነካ» በሉበት።