ሰብሳቢውና ሁለቱ ዝርዝሮች

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ማመስገን ነው። በአማርኛ «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን። በአፋርኛ «ጋዳ ጌ» ይባላል። ቃሉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግን ሰው የሚመራ ሰው ይህን ቃል በቀን ስንት ጊዜ ይናገረዋል? እስቲ እንየው።

መሪ ሲባል ትልቅ ባለሥልጣን ብቻ አይምሰላችሁ። የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ መሪ ነው። የዕድር ዳኛ መሪ ነው። የጎሳ ሽማግሌ መሪ ነው። ቤቷን የምታስተዳድር እናትም መሪ ነች። ፍየል የሚያግድ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ይመራል።

እኔ የሠመራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ክረምት ሲሆን ከአዋሽ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ መንደር ጎልማሶችን አስተምራለሁ። ከሠመራ አዋሽ በአውቶቡስ ቀኑን ይፈጃል። ሎግያን፣ ሚሌንና ገዋኔን አልፈን እንመጣለን። ወደ ጅቡቲ የሚሄዱና ከጅቡቲ የሚመለሱ ከባድ መኪኖች መንገዱን ሞልተውታል። ሙቀቱን አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

ከተማሪዎቼ አንዱ የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። መንደሩ አንድ ቦኖ አለው። ውሃውን የሚስበው ሞተር ነው። ሞተሩ ናፍጣ ይጠጣል። ናፍጣ የሚገዛው ከየቤቱ በሚዋጣ ገንዘብ ነው። ሰብሳቢው ፊደል ለመቁጠር የመጡት ለዚሁ ነው። «ያልከፈለውን ሰው ስሙን በእጄ መጻፍ አለብኝ» አሉኝ። ጎበዝ ናቸው፤ በሁለት ወር ጻፉ። በሕይወታቸው የመጀመሪያው ዝርዝር የአሥራ ሰባት ባለ ዕዳዎች ስም ሆነ። ወረቀቱን ይዘው ሰው በተሰበሰበበት ቦኖው ላይ አነበቡት። እኔም አስተማሪያቸው ነኝና ኮራሁ።

በሳምንቱ ግን ሁለት ሰው ብቻ ከፈለ። የቦኖው የእሾህ አጥር ፈርሶ ፍየል ይገባ ጀመር። ማንም አላጠረውም። ቦኖውን ይጠርጉ የነበሩ ሁለት ሴቶችም ቀሩ። ሰብሳቢው ተናደዱ። «ሰው ተበላሽቷል! የኔ ብቻ ነው እንዴ ውሃው?» አሉ።

በዚያው ሳምንት እኔም ጥፋቴን አገኘሁ። የምንማረው ከግራር ሥር ነው። ሁልጊዜ ጥላው ውስጥ አንድ ጀሪካን ውሃ ይቀመጥልናል። ጠጥተን እንማራለን። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም። አንድ ቀን ጀሪካኑ ጠፋ። በማግስቱም የለም። በሦስተኛው ቀን ከኋላ ትቀመጥ የነበረች አንዲት አሮጊት እናት እንደሌለች አየሁ። ውሃውን ታመጣ የነበረችው እሷ ኖራለች።

«ተቀይማ ይሆናል» ብዬ ከሁለት ተማሪዎች ጋር ቤቷ ሄድኩ። ተኝታለች። «እናቴ፣ ይቅርታ፣ አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኩሽም» አልኳት።

ሳቀች። «ልጄ፣ አልተቀየምኩም። አሞኝ ነው» አለች። ቀጥላም ጠየቀችን፦ «አሁን የመጣችሁት ውሃው ቀረ ብላችሁ ነው ወይስ እኔ ቀረሁ ብላችሁ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም በደንብ አልመለስኩትም።

ይህን ለሰብሳቢው ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ከዚያ ስለ ዳጉ አነሱ። አፋር የሆናችሁ አንባብያን ዳጉን ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። ለሌሎቻችሁ ግን ላስረዳ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቆመው ወይም ተቀምጠው ይጠያየቃሉ። ከየት መጣህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ? ዝናብ የት ጣለ? ሣሩ እንዴት ነው? ማን ታመመ? ያየውን ያየሁት ይላል፤ የሰማውን የሰማሁት ይላል። ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ክብሩን ያጣል። ሬዲዮና ስልክ ሳይኖር ወሬ በዚህ በረሃ በፍጥነት የሚዳረሰው በዳጉ ነበር። ዛሬም አልቀረም።

ሰብሳቢው እንዲህ አሉ፦ «ከሩቅ የመጣውን ሰው ምን አየህ እያልኩ እጠይቃለሁ። የገዛ ቦኖዬን ማን እንደሚጠርገው ግን አላየሁም።»

እኔም የማውቀውን ነገርኳቸው። በ1995 ዓ.ም. ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማከሎ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ምሁራን አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። ተማሪዎችን በቡድን ከፈሉ። አንዱ ቡድን በየሳምንቱ ያመሰገነባቸውን እስከ አምስት ነገሮች ጻፈ። ሌላው ያስቸገሩትንና ያበሳጩትን ጻፈ። ሌላው ደግሞ ያጋጠመውን እንዲሁ ጻፈ። ይህን አሥር ሳምንት አደረጉ። ምስጋና የጻፉት ከሌሎቹ ይልቅ ስለ ኑሯቸው መልካም ስሜት ነበራቸው። ስለሚመጣውም ሳምንት የተሻለ ተስፋ ነበራቸው። እርግጥ እነዚያ የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፤ ናፍጣ አያዋጡም። ቢሆንም ወረቀትና እርሳስ ለዕዳ ብቻ እንዳልተፈጠረ ያሳያል።

ሰብሳቢው ራሳቸውን ነቀነቁ። «መሪ ሲያመሰግን ደካማ ይመስላል» አሉ። ይህን ብዙ ሰው ያስበዋል። እኔ ግን አንድ ሰው ትዝ አለኝ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ሞልቶ በአፋር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አፈናቅሎ ነበር። ሠመራ ላይ አብሮኝ የሚማር አንድ ልጅ ቤተሰቡ ያኔ ከተፈናቀሉት ነው። አባቱ የተከበሩ የጎሳ ሽማግሌ ናቸው። ያኔ ያስጠጓቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ያስታውሳሉ። በዚያ ባለፉ ቁጥር በየቤቱ ሳይቆሙ አይሄዱም። «እዚህ ቤት ልጆቼ ወተት ጠጥተዋል» ይላሉ፤ ሰው ይስማ አይስማ ግድ የላቸውም። ታዲያ እኚህን ሰው ማን ደካማ ይላቸዋል? ሁለት ወገን ሲጣላ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

ሰብሳቢው ሁለተኛውን ዝርዝር ለመጻፍ አራት ቀን ፈጀባቸው። የመጀመሪያው ቀላል ነበር፤ ያልከፈለን ሰው ሁሉም ያውቀዋል። ይህኛው መፈለግ፣ መጠየቅ፣ ማስታወስ ይጠይቃል። ሴቶቹን ጠየቁ። ልጆቹን ጠየቁ። ብዙ ነገር ወጣ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥና ሲሰነጠቅ የመንደሩ ሰው ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር። ያኔ ሰው ሁሉ ሲሸሽ አንድ ጎረምሳ ሞተሩን ነቅሎ በጋሪ አውጥቶታል። ባያወጣው ዛሬ ቦኖ አይኖርም ነበር። ማንም ምንም አላለውም። ቤቶቹንስ ማን አነሳቸው? የአፋርን ቤት የምትሠራው ሴት ነች። ምንጣፉን ፈትተው፣ እንጨቱን በግመል ጭነው፣ በሄዱበት እንደገና የተከሉት ሴቶቹ ናቸው። ሰብሳቢው «እኔ በዚያን ጊዜ ስለ ግመሎቹ ነበር የማስበው» አሉኝ።

ዓርብ ከጸሎት በኋላ ቦኖው አጠገብ ወረቀቱን አወጡ። ሰው «ደግሞ ዕዳ ሊያነቡ ነው» ብሎ ፊቱን አጠቆረ። እሳቸው ግን የጠራጊዎቹን ሴቶች ስም አነበቡ። ምን እንደሠሩም ተናገሩ። አንዷ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። የጎረምሳውን ስም ሲያነቡ አንዱን ፊደል ተሳስተው ኖሮ ሌላ ስም ሆኖ ወጣ። ልጁ ራሱ «እኔን ነው?» ብሎ አረማቸው። ሰው ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። እዚያው እርሳስ አውጥተው አስተካከሉት።

የቦኖው ጠባቂ ግን አልሳቀም። «ምስጋናውን ሰማሁ። የሁለት ወር ገንዘቤስ?» አለ።

እውነቱን ነው። ምስጋና የደመወዝ ቦታ አይተካም። ገንዘቡን አስቀርቶ አፉን ብቻ የሚያጣፍጥ መሪ ሰውን እያታለለ ነው። ያልተሠራውን ተሠራ እያለ የሚያሞግስም እንዲሁ፤ በዳጉ ላይ እንደዋሸ ሰው ነው፤ ሁለተኛ የሚያምነው የለም። ሰብሳቢው ለጠባቂው የአንዱን ወር እዚያው ከካዝናው ከፈሉት። ለሌላው ቀን ቆረጡ።

ታዲያ ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ወይ? አልተስተካከለም። አጥሩ በሳምንቱ ታጥሯል። ከባለ ዕዳዎቹ ብዙዎቹ ከፍለዋል። ያልከፈሉ ግን አሉ። ለሰብሳቢው የገረማቸው ሌላ ነው። ዕዳ ሲያነቡ ማንም ቀርቦ አላነጋገራቸውም። ምስጋናውን ካነበቡ በኋላ ግን ሰዎች ማታ ማታ ቤታቸው እየመጡ ለምን እንዳልከፈሉ ነገሯቸው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ፍየሎቿ አልቀውባታል። እሷን አሥራ ሰባቱ ውስጥ ጽፈው ሰው ፊት ስሟን ጠርተው ነበር። ይህን ሲነግሩኝ ወደ መሬት ያዩ ነበር። አሁን ኮሚቴው ለሷ ሌላ ነገር ወስኗል፤ ስሟንም ከወረቀቱ ሰርዘውታል።

አሁን ደብተራቸው ሁለት በኩል ይከፈታል። በፊት ለፊት ዕዳ ይጻፋል፤ ገልብጠው ከኋላ ደግሞ የሠራ ሰው ስም ይጻፋል። በዚህ ሳምንት እናንተም ደብተራችሁን ገልብጡና ከኋላ ጀምሩ። አምስት ስም ከበዛ ሁለት ይበቃል። ስሙን ብቻ ሳይሆን የሠራውንም ጻፉ። ፊደል ብትሳሳቱ ባለቤቱ ያርማችኋል።

አሮጊቷ እናት ተሽሏት ተመልሳለች። ከኋላ መቀመጥ ትወዳለች፤ «ሀ»ንና «ሐ»ን ለምን ሁለት አደረጋችሁት እያለች ትከራከረኛለች። ጀሪካኑን አሁን ተራ በተራ እናመጣለን። ማክሰኞ የኔ ተራ ነው።