ከጀርባው ያለችው አራት ማዕዘን ቀዳዳ

ዲቪአር የሚባለውን የካሜራ መቅጃ ለመተዋወቅ ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ይሻላል። ፊቱ ላይ ብልጭ ድርግም ከሚሉ ጥቂት መብራቶች በቀር ብዙም የሚታይ የለም። ጀርባው ላይ ግን አራት፣ ስምንት ወይም አሥራ ስድስት ክብ የብረት መሰኪያዎች ተደርድረዋል። ከግቢው በር፣ ከበረንዳውና ከጓሮው የሚመጡት የካሜራ ኬብሎች እዚያ ገብተው በመጠምዘዝ ይቆለፋሉ። ከእነሱ ራቅ ብላ አንዲት አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለች። ክቦቹ የመሣሪያው ዓይኖች ናቸው፤ እሷ ደግሞ የኔትወርክ መሰኪያው ናት።

ያለ እሷም ሥራው አይጓደልም። ዲቪአር ከካሜራዎቹ የመጣለትን ምስል ወደ ዲጂታል ይቀይራል፣ መጠኑን ያሳንሳል፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ ይጽፋል፤ ዲስኩ ሲሞላ ከአሮጌው ጀምሮ እየሰረዘ ይቀጥላል። ኢንተርኔት ቢቋረጥም መቅዳቱን አያቆምም። የኔትወርክ ኬብሉ የሚጨምረው ሌላ ነገር ነው፦ ከሣጥኑ አጠገብ ሳይቀመጡ ማየት። ውጭ አገር ያለ ልጅ በእናቱ ግቢ ካሜራ ሲያስተክል የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

አሰካኩ ቀላል ነው። በውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙበት ኬብል አንድ ጫፉ ዲቪአሩ ላይ፣ ሌላው ራውተሩ ላይ ላን ከሚባሉት መሰኪያዎች በአንዱ ይገባል። እስከ 100 ሜትር ድረስ ስለሚሠራ ለመኖሪያ ቤት አያጥርም። ከዚያ ራውተሩ ለአዲሱ እንግዳ የቤት ቁጥር ያድለዋል፤ አይፒ አድራሻ የሚባለው ይህ ነው፣ ለምሳሌ 192.168.1.20። በ192.168 የሚጀምሩ ቁጥሮች ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የተለዩ ስለሆኑ ከግቢ አጥር አያልፉም፤ ጎረቤትም ያንኑ ቁጥር ቢይዝ አይጋጩም።

ጀማሪን የሚያደናግረው አንዳንዱ ዲቪአር ከፋብሪካ የራሱን ቁጥር ይዞ መምጣቱ ነው። የዳሁዋ መሣሪያዎች ለምሳሌ በ192.168.1.108 ይታወቃሉ። ራውተሩ የሚያድለው በ192.168.100 የሚጀምር ከሆነ ሁለቱ በአንድ ኬብል ተያይዘውም አይተዋወቁም፤ ቀበሌያቸው ይለያያል። መፍትሔው ዲቪአሩ ቁጥር ከራውተሩ እንዲቀበል ማድረግ፣ ቀጥሎም መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር እንዳይቀየር ያንኑ ቁጥር ቋሚ ማድረግ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የልክ ጉዳይ ነው። አንድ ካሜራ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ቢልክ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይሆናል። አራት ካሜራ 86.4 ጊጋባይት ስለሚሞላ፣ 1 ቴራባይት ዲስክ ወደ 11 ቀን ተኩል ያህል ያቆያል። አራቱንም በዚሁ ጥራት በስልክ ለማየት ደግሞ ከቤት ወደ ውጭ በሴኮንድ 8 ሜጋቢት መላክ ያስፈልጋል፤ የብዙ ቤት ኢንተርኔት የመላኪያ ፍጥነቱ ከመቀበያው ያነሰ ነው። ስለዚህ ዲቪአሩ እያንዳንዱን ምስል ሁለት አድርጎ ያዘጋጃል፤ ወፍራሙን ለዲስኩ፣ ቀጭኑን ለስልክ። ስልክ ላይ ብዥ ያለው ፊት ዲስኩ ላይ ጥርት ብሎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ኬብሉ ሰዓትንም ያስተካክላል። ብቻውን የተተወ ዲቪአር ሰዓቱ ቀስ በቀስ ይዛነፋል፤ ከኔትወርክ ጋር ሲገናኝ ግን ከሰዓት ሰርቨር እየጠየቀ ያርማል፣ የሰዓት ቀጠናው +3 ተብሎ እስከተሞላለት ድረስ። የቀረው ሥራ የእኛ ነው። ዘበኛው «መስከረም 1 ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ውሻው ጮኸ» ካለ ዲቪአሩ ውስጥ የሚፈለገው 02:00 ነው። ቀኑም ይለወጣል፤ መሣሪያው ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ በዘበኛው አፍ ገና መስከረም 1 የሆነው ሌሊት በዲቪአሩ መዝገብ ሌላ ቀን ሆኗል።

ከአጥር ውጭ ሆኖ ለማየት ሦስት መንገድ አለ። ቀላሉ በስልክ አፕ የዲቪአሩን ኪውአር ኮድ ማንሳት ነው፤ ሣጥኑና ስልኩ በአምራቹ ሰርቨር በኩል ይፈላለጋሉ። ሁለተኛው ራውተሩ ላይ ፖርት መክፈት ነው፤ ባለቤቱ የሚገባበት በር ግን ለማንም መንገደኛ ይታያል። ሦስተኛው በቪፒኤን፣ ማለትም በተመሰጠረ የግል መንገድ፣ መግባት ነው፤ ለማዘጋጀት ይከብዳል፣ ከሦስቱ ግን መሣሪያውን ከዓይን የሚሰውር እሱ ነው።

የተከፈተ በር ምን እንደሚያመጣ ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2016፣ ታይቷል። ሚራይ የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ የተጋለጡ ዲቪአሮችን፣ ካሜራዎችንና ራውተሮችን እያሰሰ፣ 60 ገደማ የሚሆኑ የታወቁ የፋብሪካ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ ገባባቸው። በዚያ ቀን እነዚህ መሣሪያዎች በአንድነት የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመውን ዳይን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በጥያቄ አጥለቀለቁት፤ ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለብዙ ተጠቃሚዎች ለሰዓታት አልከፈት አሉ። በዓመቱ በዲሴምበር 2017 ሦስት አሜሪካውያን ወጣቶች ሚራይን በመሥራት ጥፋተኝነታቸውን አመኑ። የሚገርመው ብዙዎቹ የመሣሪያዎቹ ባለቤቶች አለማወቃቸው ነው። ዲቪአሩ በሩን እየጠበቀ፣ እየቀዳም ለሌላ ጌታ ያድር ነበር። ሚራይ የሚቀመጠው ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ላይ ስለነበር አጥፍቶ ማብራት ያስወጣዋል፤ የይለፍ ቃሉ ካልተቀየረ ግን ብዙ ሳይቆይ ይመለሳል።

እንግዲህ ዲቪአር በኔትወርክ ከተሰካ በኋላ መቅጃ ብቻ አይደለም፤ ቀን ከሌት የሚሠራ ኮምፒዩተር ነው፣ አያያዙም እንደ ኮምፒዩተር ነው። አምራቹ ማሻሻያ ሲያወጣ ይጫንለታል። ራውተሩ ላይ ዩፒኤንፒ የሚባለው፣ መሣሪያዎች ሳያስፈቅዱ ፖርት የሚያስከፍቱበት አሠራር፣ ይዘጋል። የመብራት መጠባበቂያው ዲቪአሩንና ካሜራዎቹን ብቻ ሳይሆን ራውተሩንም ይይዛል፤ አለበለዚያ መብራት ሲጠፋ ሣጥኑ እየቀዳ ከውጭ የሚያየው ያጣል።

ባለሙያው ሥራውን ጨርሶ የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሲሰጣችሁ፣ አመስግናችሁ ሸኙት፤ ከዚያ ማውዙን ራሳችሁ ይዛችሁ በሌላ ለውጡት። ይህ እስኪሆን ድረስ አራት ማዕዘኗ ባዶዋን ብትቆይ ይሻላል፤ ክቦቹ እንደሆኑ ያለ እሷም ሥራቸውን ይሠራሉ።