የሰማይን ድምፅ በሽቦ ስለ መስማት

ሰማይን መመርመር የጥንት ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሰው ልጅ እጅግ ረዥም ዘመን የመረመረው በዓይኑ ብቻ ነበር። ከሰማይ ግን ለዓይን የማይታይ የራዲዮ ሞገድም ይወርዳል። ይህን ለመቀበል ሽቦ፥ ምሰሶ፥ ራዲዮ መቀበያና ሰዓት ይበቃሉ፤ የተቀበሉት በእውነት የሰማይ መሆኑን ማረጋገጥ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ካርል ጃንስኪ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የሩቅ ስልክ ንግግርን የሚያውከውን ድምፅ እንዲመረምር ታዞ፥ በፎርድ አውቶሞቢል መንኰራኵር ላይ የሚዞር አንቴና ሠራ። የመብረቁን ድምፅ ከለየ በኋላ ምንጩ ያልታወቀ ሹክሹክታ ቀረ። ይህም በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል እየቀደመ መምጣቱን ስላስተዋለ፥ ከፍኖተ ሐሊብ መካከል የሚነሣ መሆኑን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1933 ዓ.ም. አስታወቀ። ቀጥሎም ግሮት ሬበር በ1937 ዓ.ም. ከ9 ሜትር የሚበልጥ ስፋት ያለው አንቴና በራሱ ገንዘብ በቤቱ ጓሮ አቆመ።

እንግዲህ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ባለችው በሐሙሲት አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ይህን ሊሞክር ቢያስብ፥ በሴኮንድ 20 ሚሊዮን ጊዜ ለሚርገበገበው ሞገድ እያንዳንዳቸው 3 ሜትር ተኩል ያህል የሆኑ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ያስፈልጉታል። ሁለቱ በመካከል ሳይነካኩ፥ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ላይ ወደ 4 ሜትር ከፍታ ይዘረጋሉ፤ ከመካከላቸውም የሚወርደው ገመድ ወደ መቀበያው ይገባል። ቦታው ከኤሌክትሪክ መስመር የራቀ ይሁን፤ ነጐድጓድም ከመቅረቡ አስቀድሞ ገመዱ ይነቀል።

ከዚህ በኋላ ፈተናው ይጀመራል። ገመዱ ሲነቀል ድምፁ ካልቀነሰ፥ የሚሰማው የመቀበያው የራሱ ድምፅ ነው። የመንደሩ መብራት ሲጠፋ አብሮ ከጠፋም፥ የሰማይ አልነበረም። በየቀኑ በአንድ ሰዓት የሚመጣ ከሆነ ደግሞ፥ የወፍጮ ወይም የሌላ የሰው ሥራ ድምፅ መሆኑ ሊጠረጠር ይገባል።

የሰማዩ ግን እንደ ሰው የሥራ ሰዓት አይሄድም። የፍኖተ ሐሊብ መካከል በሚያዝያ አጋማሽ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ በሐሙሲት ደቡብ፥ ከአድማስ ወደ 50 ዲግሪ በሚጠጋ ከፍታ ይቆማል፤ በግንቦት አጋማሽ ግን በ8 ሰዓት ገደማ በዚያው ስፍራ ይገኛል። በቀን 4 ደቂቃ በወር 2 ሰዓት፥ በዓመትም አንድ ሙሉ ቀን ይሆናልና። አበቅቴና መጥቅዕ ሲያሰሉ ለኖሩት የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ይህ ቍጥር እንግዳ የሚሆን አይደለም።

የክረምት ደመና ከዋክብትን ከዓይን ቢሰውርም ይህን ሞገድ አይከለክለውም፤ የክረምቱ መብረቅ ግን በጩኸቱ ሊውጠው ይችላል። ስለዚህ አንድ ሌሊት ሰምቶ መፍረድ አይገባም፤ ሰዓቱንና የድምፁን ኃይል በየሌሊቱ መዝግቦ ወር ከወር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ይህ ሽቦ ይቀበላል እንጂ ምንም አያሰራጭም፤ ስለዚህ የሚያስፈራ ነገር የለበትም። ባለሥልጣን ጥቂት ቦታ ቢፈቅድ፥ ሊቃውንትም የሰዓቱን ስሌት ለወጣቱ ቢያስረዱ፥ ጥቅሙ ታላቅ ነው። የወፍጮውን ድምፅ የሰማይ ነው ብሎ ለመናገር የማይቸኩል፥ ሳይመረምር የማይፈርድ ልጅ፥ ነገ በችሎት ወንበር ወይም በመዝገብ ቤት ሲቀመጥ ለአገሩ የታመነ ዳኛና ጸሐፊ ይሆናልና።