ግድግዳና ቅርፅ፤ ስለ ሄንሪ ሙር ሦስት ሥራዎች

ከግድግዳ ሳይለይ ጎልቶ የሚወጣ ቅርፅ የሕንፃው ጌጥ ብቻ ነውን? ወይስ የራሱ ሕይወት ያለው ሥራ ሊሆን ይችላል? ይህን ጥያቄ ለመመርመር የእንግሊዛዊውን ቀራፂ የሄንሪ ሙርን (1898–1986) ሦስት ሥራዎች እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው በ1928 እና በ1929 ለለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ዋና መሥሪያ ቤት የተሠራው «የምዕራብ ነፋስ» ነው። አርክቴክቱ ቻርልስ ሆልደን ስምንት የነፋስ ምስሎችን ለልዩ ልዩ ቀራፆች ሲያከፋፍል አንዱ ለወጣቱ ሙር ደረሰው። ሙር ግን የተቀበለው እያመነታ ነበር። ቅርፅ ዙሪያውን ተዞሮ የሚታይ መሆን አለበት ብሎ ያምን ስለ ነበር፥ ጀርባው ከግድግዳ የተጣበቀ ምስል ቀራፂውን የአርክቴክቱ ሎሌ የሚያደርገው መስሎ ታየው።

ሁለተኛው በ1953 በለንደን በቦንድ ጎዳና ላይ ለታይም ላይፍ ሕንፃ የተፈጸመው የድንጋይ መጋረጃ ነው። በዚህ ጊዜ ሙር ከግድግዳ ጋር ከመጣላት ይልቅ ግድግዳውን ራሱን በሳው። አራቱ ቅርፆች በአራት መስኮት መሰል ክፍተቶች ውስጥ ስለ ቆሙ፥ ብርሃንና አየር ያልፍባቸዋል፤ ከመንገድም ከኋላቸው ካለው ሰገነትም ይታያሉ። ቅርፆቹ በዘንግ ላይ እንዲዞሩም አስቦ ነበር። ነገር ግን ያን ያህል ከባድ ድንጋይ ከመንገደኛው ራስ በላይ ማዞር አደገኛ ስለ ሆነ ሐሳቡ ሳይፈጸም ቀረ። ከዚህ እንደምንረዳው፥ ሕንፃ ለቀራፂው ቦታ ይሰጠዋል፤ ወሰንም ያበጅለታል።

ሦስተኛው በ1955 በሮተርዳም ለቦውሴንትሩም የተሠራው የጡብ ግድግዳ ነው። ሙር በትንሽ ሞዴል ያሰበውን ግንበኞች 16,000 ያህል ጡብ እየጠረቡና እየደረደሩ ገነቡት። እዚህ ላይ ቅርፁ ከውጭ መጥቶ የተለጠፈ አይደለም፤ ግድግዳው የተሠራበት ጡብ ራሱ እያበጠና እየጎደጎደ ቅርፅ ሆነ። መዶሻውም በቀራፂው ሳይሆን በግንበኛው እጅ ነበር።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ሙር በወጣትነቱ የፈራው ሎሌነት ከግድግዳው የመጣ አልነበረም። ሎሌነት የሚመጣው ሕንፃው ሁሉ ካለቀ በኋላ ቀራፂው ባዶ ቦታ እንዲሞላ ሲጠራ ነው። ከመሠረቱ ጀምሮ አብረው ቢያስቡ ግን ግድግዳው ለቅርፁ አካል፥ ቅርፁም ለግድግዳው ሕይወት ሊሆን ይችላል።