የሕፃን ትኩሳትና መለኪያው

በዋግ ኽምራ ደጋ ሕፃን ሲነጫነጭ የእናት እጅ ቀድሞ የሚያርፈው ግንባሩ ላይ ነው። ገላው ካቃጠለ «ምች መቶት ይሆናል»፣ «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ይባላል። እጅ ሕመምን ለመጠርጠር ይበቃል፤ የሙቀቱን ልክ ግን አይናገርም። ብርድ የያዘው እጅ ጤነኛውን ሕፃን ትኩስ ያስመስለዋል። ልኩን የሚነግረን ቴርሞሜትር ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ክሊፎርድ ኦልበት እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አጭሩን ቴርሞሜትር እስኪያስተዋውቅ ድረስ መሣሪያው ረጅም ነበር፤ ለመለካትም 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር። የእሱ 5 ደቂቃ ይበቃው ነበር። የዛሬው ዲጂታል መለኪያ ጫፉ ላይ ሙቀት ሲነካው የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመግታት አቅሙ የሚለዋወጥ ትንሽ አካል አለው። ያንን ለውጥ ወደ ቁጥር ይቀይርና ሲጨርስ ድምፅ ያሰማል።

ለሕፃናት የሚመረጠው የመለኪያ ቦታ ብብት ነው። ታዝሎ ወይም በጋቢ ተጠቅልሎ የቆየ ልጅ መጀመሪያ ጥቂት ይናፈስ። የብብቱን ላብ ጠርጎ፣ ጫፉን ከቆዳው ጋር አገናኝቶ፣ ክንዱን ከደረቱ ጋር አጣብቆ መያዝ ነው። ልብስ በመሐል ከገባ ንባቡ ይሳሳታል።

37.5 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው። ዕድሜው ከሁለት ወር በታች ለሆነ ሕፃን ግን ከ35.5 በታች መውረዱም የከባድ ሕመም ምልክት ነው። እንዲህ ያለውን ጨቅላ ከእናቱ ገላ ጋር አጣብቆ፣ እያጠቡ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።

በዕድሜ ከፍ ባለው ልጅ ከቁጥሩ ጋር ሁኔታውም ይታያል። መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ፣ አንገቱ ከደረቀ ወይም እርግብግቢቱ ካበጠ አደጋ አለ። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ልጅ ደግሞ ኢንፌክሽን ይዞትም ትኩሳት ላያሳይ ይችላል። የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የታወጀው ቃል ኪዳን በዋግ ኽምራዋ ከተማ በሰቆጣ ስም በተጠራበት በዚህ አገር ይህን መርሳት አይገባም። የከሳ ልጅ ከደከመ ቁጥሩ ደህና ቢሆንም መታየት አለበት።

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ትኩሳት የሚያመጣው ወባ የሚበዛው ደግሞ ከዚያ በታች ነው። ሆኖም ልጁ በቅርብ ሳምንታት ወደ ተከዜ ቆላ ወርዶ ከነበረ ለባለሙያው መንገር ያስፈልጋል። ወባ መሆኑ በጣት ደም ምርመራ ይለያል።

ልጁ ጤና ተቋም እስኪደርስ ልብሱን ማቅለልና ደጋግሞ ማጥባት ይጠቅማል። ፓራሲታሞል በባለሙያ ምክር፣ በክብደቱ ልክ ይሰጣል፤ አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ዳማከሴ ማጠጣት፣ እንጥል ማስቆረጥ ወይም ድድ መፋቅ ትኩሳቱን ያመጣውን በሽታ አያድንም፤ መቆረጡ ለመድማትና ለሌላ ኢንፌክሽን ያጋልጣል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጤና ኬላን ወደ ቀበሌ አውርዷል። ቤት ውስጥ መለኪያ የሌለው ወላጅ ልጁን እዚያ ያስለካ። የአደጋ ምልክት ያየ ግን መለኪያም ንጋትም አይጠብቅ፤ ልጁን ይዞ ወዲያው ይነሣ።