የእኛዎቹስ?



የጦሩን ወሬ ለሕዝብ ለሚያሰሙ ሹማምንት ከኮሶዬ ጥቂት ቃል እንድጽፍ ይፈቀድልኝ። እኔ መምህር ነኝ እንጂ የውትድርና ሙያ የለኝም። ነገር ግን ልጆቻቸው ወታደር የሆኑባቸው ወላጆች ራዲዮ የተናገረውን እንድተረጉምላቸው ወደ እኔ ይመጣሉ። (ራዲዮው የሚናገረው በአማርኛ መሆኑ ይታወስ!)

በቀደም አንዲት እናት ገብሳቸውን ሸጠው ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ሲመለሱ ደጄ ላይ ቆሙና፣ «መምህር፣ ጠላት ተደመሰሰ ይላል፤ የእኛዎቹስ?» አሉኝ። የምመልስላቸው አጣሁ።

ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ጦር 121 ሰዎች ሞተውበት፣ 536 ቆስለውበት፣ አንድም እንዳልተማረከበት ተነግሯል። «አንድም አልተማረከም» የሚለው ዛሬ ድረስ የሚታመነው፣ በእኔ አስተያየት፣ ሙታኑም አብረው ስለ ተቆጠሩ ነው። ድሉን ብቻ ቢያወሩልን ኖሮ ማን ያምን ነበር?

እንግዲህ መርዶን ቤተ ሰብ ከራዲዮ ወይም ከጎረቤት አይስማ። አስቀድሞ እንደ አገሩ ልማድ ከሽማግሌዎች ጋር ማልዶ ቤቱ የሚደርስ ሰው ይላክ። ያልተጣራ ነገር ሲኖርም «ገና አልተጣራም» ማለት ነውር የለበትም፤ ዛሬ የተካደው ነገ በቁስለኛ አፍ ሲነገር ግን የከነገ ወዲያውንም መግለጫ የሚሰማ አይገኝም። ጦሩ የሰፈረበት ቦታ ምስጢር መሆኑ ይገባኛል። የሞተ ልጅ ስም ግን ከእናቱ የሚሰወረው ለምንድን ነው?

እኒያ እናት በሚቀጥለው ገበያ ሲመለሱ ደጄ ላይ መቆማቸው አይቀርም።

አንድ መምህር
ከኮሶዬ